በጥቁር ሸለቆ የቀሩ ጥላዎች

በዘንታር የድሉ ግብር በተበላ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ከጥቁር ሸለቆ የተመለሱት መቶ አርባ ወታደሮች ጥላ እንደሌላቸው ታየ። አገሩ ደነገጠ።

በዘንታር ሥርዓት ከጦር የተመለሰ ሁሉ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ምንጭ ዳር ተቀምጦ ያደረገውን ለነፍስ አድማጭ ይናገራል። አድማጯ አትፈርድም፣ አታጽናናም፤ «ሰማሁ» ብቻ ትላለች። ንጉሡ ግን ለድሉ ግብር ቸኩሎ «ፉከራው ይበቃቸዋል» አለ። ንጉሥ ሲቸኩል ማን ይከራከራል? ፎክረው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ወጣቷ የነፍስ አድማጭ ጸዳሉ ነገሩ ወዲያው ገባት። ያልተነገረ በደል የሚበላው አውሬ ኦርማ ጥላቸውን ሸለቆው ውስጥ አስቀርቶታል። አዝማቹን ደመላሽንና ጋሻ ጃግሬውን ወንዳፍራሽን ይዛ ተነሣች። ስምንት ቀን ተጓዙ። ደመላሽ በቅሎው ላይ ሆኖ ከሌሉ ሰዎች ጋር ይሟገት ነበር።

«ሞት አልፈራም» አላት።

«ሞቱስ ለእርስዎ ቀላል ነው፤ የሚከብድዎ ንግግሩ ነው።»

ኦርማ ሸለቆውን ሞልቶ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ጥላዎቹ ይላወሳሉ። ወንዳፍራሽ ጦሩን ወረወረ፤ ጦሩ እንደ ሸምበቆ ተሰበረ።

«ብረት አይገድለኝም» አለ አውሬው። «አዝማቹ እውነቱን ከተናገረ ሁሉንም እለቃለሁ። እዚህ እሱን ያደመጠ ጆሮ ግን ዳግመኛ አይሰማም።»

«አይሆንም!» አለ ደመላሽ።

«አንዲት ቃል እንዳያስቀሩ ይማሉልኝ» አለች ጸዳሉ፣ ወንዳፍራሽን ከሸለቆው አስወጥታ ከፊቱ ቁጭ ብላ።

ደመላሽ ከፊቷ ተንበረከከ። ከዚያ «በአባቴ አጥንት!» አለና ነገራት። በሸለቆው የማረከው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ጦሩን ጥሎ ውኃ ለመነው። ደመላሽ ገደለው። በግብሩ ላይ ገዳይ ብሎ የፎከረውም በእሱ ነበር።

«ደክሞኝ ነበር» አለ እያለቀሰ። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ጸዳሉ አይዞዎ ልትለው ፈለገች። ሥርዓቱ ግን አይፈቅድም።

«ሰማሁ» አለች።

ኦርማ እንደ ጉም በነነ፤ ጥላዎቹም ወደ ዘንታር ገሠገሡ። የሸለቆው ወንዝ መፍሰሱን ቀጠለ፤ ለጸዳሉ ግን ድምፁ ተቋረጠ።

ሲመለሱ ደመላሽ አንድ ዛፍ ሥር አረፍ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ አፉን ከፍቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ወንዳፍራሽ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባው መጣ። ጸዳሉ የአዝማቹን ደረት አየች፤ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ተኙ እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ የራሷ ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ አታውቅም።

ወንዳፍራሽ ፈጥኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና፣ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት።