የጫካው ሕዝብ ተቆርቋሪ

አስተርጓሚው ስብሰባው ሳይከፈት በመስታወት ክፍሉ ውስጥ፣ ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሮው እንዳጠለቀ ሞቶ ተገኘ። የነባር ሕዝቦችን መብት እናስከብራለን ብለው ከየአገሩ የተሰበሰቡት አዋቂዎች መጀመሪያ የጠየቁት ስብሰባው ምን ያህል እንደሚዘገይ ነበር። መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ገና ከበሩ ደሟ ፈላ።

ሟቹ በስብሰባው የጫካውን ሕዝብ ቋንቋ የሚያስተረጉም ብቸኛው ሰው ነበር። አጎቱ፣ የእናቱ ወንድም፣ ከዚያ ቋንቋ ሌላ አያውቁም። ሽማግሌው መሬታቸው ላይ ስለሚሠራው ግድብ ሊናገሩ መጥተው፣ ሬሳው ወደ ጎን ክፍል ከተነሳ በኋላ ገብተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዛሬ ካልተሰሙ መንደራቸውን ውሃ ሊውጠው ነው።

«ልቡ ቀጥ ብሎ ይሆናል። ምስኪን፣ ሥራ ላይ እያለ!» አለ የግድቡ ኩባንያ ጠበቃ።

«ሥራ ላይማ አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «አስተርጓሚ የራሱን ድምፅ ለመስማት አንድ ጆሮውን ክፍት ይተዋል። ይህንን ሌላ ሰው ነው ያጠለቀለት።»

ሐኪሙም ታፍኖ እንደሞተ፣ በጥፍሮቹ ሥርም የሌላ ሰው ደም እንዳለ ነገራት።

ቀደም ብለው አዳራሽ የገቡት ሦስት ናቸው፤ ጠበቃው፣ ሰብሳቢዋና ተቆርቋሪው። ሦስቱም ሟቹን ከትናንት ወዲህ አላየነውም አሉ። ተቆርቋሪው በጫካው ሕዝብ ስም ሲሸለም የኖረ፣ ጨሌያቸውን አንገቱ ላይ የደረደረ፣ እንባው ቅርብ የሆነ ሰው ነው።

«ዛሬ ያገኘሁት ሽማግሌውን ብቻ ነው፤ ማረፊያቸው ሄጄ» አለ። «ደክሞኛል፣ አንተው ተናገርልኝ አሉኝ። አደራ ነው! ሕዝቡ በግድቡ መስማማቱን እኔው እገልጻለሁ።»

ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየችና ደስ አላት። መርማሪዋ ግን ሁሉንም ሽማግሌው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ጌታዬ፣ አባባ ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።»

ተቆርቋሪው ፈገግ ብሎ እጁን እንደ ብርጭቆ ወደ አፉ አስጠጋ።

«በእጅ አይደለም። በቋንቋቸው።»

«ቋንቋቸው እንኳ... ትንሽ ይከብዳል።»

«ታዲያ ደክሞኛል ያሉህ በምን ቋንቋ ነው?» አንቱታውን እዚያው ጣለችው።

«የእህታቸው ልጅ ነዋ ያስተረጎመልኝ!»

«ዛሬ? አላየሁትም ብለኸኝ አልነበር?»

ተቆርቋሪው እጅጌውን ወደ ታች ጎተተ።

«አየኸው እንጂ፤ ማረፊያቸው ሳይሆን መስታወት ክፍሉ ውስጥ። ሕጉ ሰዎቹ አስቀድመው፣ ገብቷቸው፣ ሳይገደዱ ካልፈቀዱ መሬታቸው አይነካ ይላል። አንተ ሳትጠይቃቸው ተስማምተዋል ብለህ ለኩባንያው አረጋገጥክ፤ ጠበቃው ነግሮኛል። አባባ ማንም አልጠየቀንም ሊሉ ነው የመጡት። ልጁ ያንን እንዳለ ሊያስተረጉም ነበር። ቃላቸውን ለውጥ ብለኸው እምቢ ሲልህ አፈንከው፣ ሥራ ላይ የሞተ ለማስመሰልም ማዳመጫውን አጠለቅክለት። እጅጌህን ሰብስብ!»

አልሰበሰበም። አብሯት የመጣው ፖሊስ ሰበሰበለት፤ ክንዱ በጥፍር ተቧጭሯል።

«እና... አሁን በማን በኩል እንቀጥል?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሕጉን የምታስከብሩት እናንተ አይደላችሁ እንዴ? ሌላ አስተርጓሚ ፈልጋችሁ አባባን ስሙ!»

ሰብሳቢዋ ከኋላ የቆሙትን ጋዜጠኞች ገልመጥ አድርጋ የግድቡን ውሳኔ ለሌላ ቀን አራዘመች። ለሽማግሌው አዝና አይደለም፤ ለስሟ ነው።

ሽማግሌው የሆነው አልገባቸውም። የእህታቸውን ልጅ ፍለጋ በሩን በሩን ያያሉ። ያ ሁሉ የመብታቸው ጠበቃ በሞላበት አዳራሽ መርዶውን በቋንቋቸው የሚያረዳቸው አንድ ሰው ታጣ። መርማሪዋ እጃቸውን ይዛ ሬሳው ወዳለበት ክፍል ወሰደቻቸው።