የሁለት ቤት አምፕሊፋየር

አለበል የስልኩን መብራት ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ አስጠግቶ በቀዳዳው አጮለቀና ወዲያው አጠፋው። «ያልተነካ ዕቃ ነው» አለ፣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ እያራገፈ። «ሁሉም የራሱ ነው፣ የተቀየረ የለም። አያ ላቀው፣ እንዲህ ያለ አሁን አዲስ አበባም አይገኝ።»

የያምሮት አያት አቶ ላቀው ፈገግ አሉ። ያምሮት ግን ደስ አላላትም። ሊገዛ የሚችል ሰው ዕቃውን ሲያሞግስ አይታ አታውቅም። ማንኩሳ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ላቱን ዳብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ የሌለ ማነከስ ይፈልግበታል እንጂ «እንዴት ያማረ በግ ነው» ብሎ አይጀምርም።

አምፕሊፋየሩ፣ የጊታር ድምፅ ማጉያው፣ የሁለት ቤት ነው። አያቷና የአለበል አባት አቶ ባምላኩ በወጣትነታቸው ጊታር ይጫወቱበት የነበረ የኪነት ቡድን ሲበተን በጋራ ገዝተው አስቀሩት። ከባድ የእንጨት ሣጥን ሲሆን የሚሠራው በመስታወት አምፖሎች ነው፤ አምፖሎቹ እስኪሞቁ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ማንኩሳ አያቷ ቤት፣ አንድ ዓመት ቡሬ አቶ ባምላኩ ቤት ሲመላለስ ኖሮ፣ አቶ ባምላኩ ካረፉ በኋላ ተራው ወደ ልጃቸው ዞረ። ያምሮት ጊታር የጀመረችው ባለፈው መስከረም ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከቡሬ በተመለሰ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ ከአጠገቡ አትጠፋም። አሁን አለበል «እንለያይ» ብሎ መጣ። አያቷ ደግሞ ወይፈናቸውን ሸጠውም ቢሆን እንደሚያስቀሩላት ነግረዋታል።

አለያየቱ እንደ በሬ ይሁን ተባለ። በሬ በጋራ የገዙ ሰዎች ሲለያዩ አንዱ ዋጋ ይቆርጣል፤ ሌላው በዚያ ዋጋ ወይ የባልንጀራውን ድርሻ ከፍሎ በሬውን ይወስዳል፣ ወይ የራሱን ድርሻ ተቀብሎ በሬውን ይለቃል። ቆራጩ የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አያጋንንም፣ አያሳንስም። ያምሮት ትቁረጥ ያለው አለበል ራሱ ነው። እሷ ስልክ ላይ ዋጋ ታያለች፣ እኛ ምን እናውቃለን አለ። ይህን ያለው ቡሬ ላይ ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ እያከራየ የሚኖር ሰው ነው።

እሷም ሳምንቱን ሙሉ ስልኳ ላይ ተጥዳ ሰነበተች። አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዱ ሻጭ ለተመሳሳዩ ሁለት መቶ ሺህ ይጠራል፣ ሌላው ሰማንያ። ግራ ቢገባት አንድ የባሕር ዳር ጊታሪስት ጠየቀች። «የሚጠሩትን ተዪው፣ በስንት እንደተሸጠ ጠይቂ» ብሎ መለሰላት። «ከዛ ከፍተሽ እዪ። ስፒከሩ ከተቀየረ ግማሽ ዋጋው በረረ። እንዳትሸወጂ።» ስትጠይቅ በቅርቡ የተሸጠው በመቶ ሃያ ሺህ ነበር።

አሁን ያምሮት ጀርባውን ልክፈተው ስትል አለበል ሳቀ። አሮጌ እንጨት ስለሆነ ይሰነጠቃል፣ እኔ አይቼው የለም ወይ አላት። አያቷም ፊታቸውን አጨፈገጉባት። የባምላኩ ልጅ አይቼዋለሁ ካለ አይቶታል ነው የሚሉት። አፍራ ከሣጥኑ ራቅ አለች።

አያቷና አለበል ወይፈኑን ለማየት ወደ ጓሮ ሲዞሩ ግን ካቻቪቴ አምጥታ ብሎኖቹን ፈታች። ውስጡ ሁሉ አመድ የመሰለ አቧራ ለብሷል፣ አምፖሎቹም ጭምር። ስፒከሩ ብቻ ንጹሕ ነው። የታሰረባቸው ብሎኖች ያብለጨልጫሉ፤ ከጎናቸው የድሮዎቹ ብሎኖች ቀዳዳ ባዶውን ቀርቷል። እንዲህ ዓይነቱን ስፒከር ታውቀዋለች፤ ሠርግ ድንኳን ውስጥ በሚደረደሩት ሣጥኖች ፊት ለፊት የሚታየው ነው።

የሣጥኑን ጀርባ እንደከፈተች ቁጭ አለች። ምናልባት የቀየሩት ሟቹ የአለበል አባት ይሆናሉ ብላ አሰበች። ቢሆንስ? «ያልተነካ» ያለው እሱ ነው። ከዚያ ወጥመዱ ገባት። ሙሉ ዕቃ መስሏት ዋጋውን ከፍ አድርጋ ብትቆርጥ፣ አለበል ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የአያቷ ወይፈን ለጎደለ ሣጥን ይሸጣል። አይ፣ ጎደሎ ነው ብላ ዝቅ ብታደርገው ደግሞ ሣጥኑን በርካሽ ወስዶ ቡሬ ካስቀመጠው የድሮ ስፒከር ጋር ያገጣጥመዋል። በየትም ብትዞር የሚያተርፈው እሱ ነው። በጣም ተናደደች። ከንዴቷ በላይ ግን ፈራች፤ አያቷ አለበልን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት።

ተመልሰው ሲገቡ ጀርባው እንደተከፈተ ነበር። አለበል ደጃፉ ላይ ቆመ። አያቷ ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ፤ እሷ ቀደመች።

«አባባ፣ ዋጋው ሁለት ነው» አለች። «የራሱን ስፒከር እንደያዘ መቶ ሃያ ሺህ ያወጣል። በዚህኛው ስድሳ። የራሱ ምናልባት ቡሬ ለጥገና ወጥቶ ቀርቶ እንደሆነ፣ ጋሼ አለበል ያምጡትና አንዱን እቆርጣለሁ። እስከዚያ አልቆርጥም።»

አቶ ላቀው አጎንብሰው ውስጡን ለረጅም ጊዜ አዩ። ባዶውን ቀዳዳ በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱት። ያምሮት አሁን ይጮኹብኛል ብላ ጠበቀች።

ቀና ሲሉ ወደ አለበል አላዩም። «ወደ ቡሬ መኪና በዚህ ሰዓት አይጠፋም፣ አይዶል?» አሉ።

አለበል መልሱን ከመሬት የሚለቅም ይመስል አቀረቀረ። «አይጠፋም» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ሳይመሽ ደርሰህ ይዘኸው ትመለሳለህ። እራት ሳንበላ እንጠብቅሃለን።»

አለበል ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። አያቷ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን እላዩ ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ። ያምሮት የጀርባውን እንጨት ወደ ቦታው መለሰችው። ብሎኖቹን ግን አላሰረቻቸውም፤ ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸውና ከአያቷ ጎን ተቀመጠች።