ወደ ኋላ የተጠነጠነው ካሴት

ኦቦ ሂርጳ ሞተው የተገኙት አምቦ ውስጥ፣ መስኮት በሌላት የቪዲዮ ካሴት ማስቀመጫ ክፍላቸው ነው፤ በ2012 ዓ.ም.። የካሜራ መቆሚያ ብረት ማጅራታቸው ላይ አርፏል። ክፍሏ ያላት አንድ በር ነው፤ ገዳዩ እዚያ ከቆመ ሽማግሌው ወዴት ይሸሹ? በሩ ተቆልፎ ነበር፤ የሟቹ ቁልፍ ጠፍቷል። ሌላው ቁልፍ በረዳታቸው በጊፍቲ ቦርሳ ተገኘና ልጅቷ ታሰረች።

ኢንስፔክተር ዘነበወርቅ ግን ችኮላ አትወድም። ጊፍቲን ወደዚያችው የካሴት ክፍል አስመጥታ ጠየቀቻት።

«ኦቦ ሂርጳ ምን እያዩ ነበር?»

«የ1980ን የአንድ ቀን የቴሌቪዥን ዜና። ከጊንጪ እስከ ባኮ የተቀረጸ ነው። ለቅዳሜው የከተማችን በዓል ልናሳየው ነበር።»

«መሃሉ ባዶ ተቀድቶበታል።»

«እዚያ ጋ አንድ ወጣት መምህሩን ለካድሬዎች ይጠቁማል። መምህሩ አልተመለሱም። ኦቦ ሂርጳ ጠቋሚውን ለዩት፤ ጠርቼ አነጋግረዋለሁ አሉ። ስሙን አልነገሩኝም።»

ዘነበወርቅ ሣጥኖቹን ከፈተች። የሁሉም ካሴት ክር መጨረሻው ላይ ነው፤ የዚህ የዜናው ብቻ ወደ መጀመሪያው ተጠንጥኗል።

«ኦቦ ሂርጳ አይተው ሲጨርሱ አያጠነጥኑም» አለች ጊፍቲ። «ክሩ እንዲፍታታ ሲሉ የሚያጠነጥኑት እንደገና ሊያዩት ማጫወቻ ውስጥ ሲያስገቡት ብቻ ነው። ያስተማሩኝም እንዲሁ ነው።»

ዘበኛው ኦቦ ጅሩ ቀጥለው ተጠየቁ። «ኤዬ፣ የዚያን ዕለት ከሰዓት ቀብር ሄጄ ነበር። ማን እንደገባ አላየሁም።»

የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኦቦ ሞሲሳ ደግሞ ሱፋቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «ከዛሬ በፊት እዚህ ክፍል ረግጬ አላውቅም። ለካሴት ግን እንግዳ አይደለሁም፤ ድሮ ፊልም የማከራይበት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ።»

ከዚያ ሦስቱንም ሰብስባ በሩን ዘጋች። አየሩ ያፍናል። ጊፍቲ ከዚህ ክስ ነጻ ካልወጣች ዕድሜዋ እስር ቤት እንደሚያልቅ ታውቃለች።

«እያንዳንዳችሁ አንድ የሠርግ ካሴት ጥቂት እዩና ሣጥኑ ውስጥ መልሱ» አለች ዘነበወርቅ።

ጅሩ የማጫወቻውን መጫኛዎች ነካክተው ተስፋ ቆረጡ። ጊፍቲ ክሩን እስከ መጨረሻ አስኪዳ አወጣችው። ሞሲሳ ወደ መጀመሪያው አጠነጠኑት።

«ለምን አጠነጠኑት?»

«ሳያጠነጥን የመለሰ ደንበኛ ይቀጣ ነበር።»

«ኦቦ ጅሩ ማሽኑን አያውቁም። ጊፍቲ አታጠነጥንም። የሟቹን ካሴት ግን አንድ ሰው ባዶ ቀድቶበት፣ እንደ ቪዲዮ ቤት ዕቃ አጠንጥኖ መልሶታል፤ በሟቹ ቁልፍም በሩን ቆልፎ ሄዷል። ማጠንጠን የለመደ እጅ እዚህ ያለው የእርስዎ ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ክፍሉን ረግጬ አላውቅም ብለዋል።»

«ውሸትና ስንቅ እያደረ ይቀላል» አሉ ጅሩ ቀስ ብለው።

ሞሲሳ ከመቀመጫው ተነሣ። በሩን አየ፤ ዘነበወርቅ ቆማበታለች። «ጠርቶ ካሴቱ ላይ ፊቴን አሳየኝ። ቅዳሜ ልጆቼ በሕዝብ መሃል ሊያዩኝ ነው አልኩ።»

«ለምን እንደጠሩዎት እስኪነግሩዎት ጠበቁ?»

«አልጠበቅኩም፤ ብረቱን አነሣሁ።»

ጊፍቲ አለቀሰች። «ኦቦ ሂርጳ የጠቋሚው ልጆች ስለሚመጡ ካሴቱ ላይ ያን ቦታ ቁረጪው ብለውኝ ነበር። የጠሩዎት ይህንኑ ሊነግሩዎት ነው።»

ሞሲሳ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ዘነበወርቅ ጊፍቲ የመጣችበትን ካቴና በእሱ እጅ ላይ አሰረች፤ ልጅቷም በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።