ሁለቱ ቀይ ጓንቶች

በመከር ወር፣ ፀሐይ ገና ስንዴውን እያበሰለች ሳለ፣ የቬልዶራ ታላቅ ወንዝ ሶልና በአንድ ጀምበር በረዶ ሆነ። እህል የጫኑ ጀልባዎች ከነቀዛፊዎቻቸው ባሉበት ተተከሉ። በዚያው ዕለት ከንጉሥ ቬሴሚር ዘውድ ላይ ወንዙን ከብርድ የሚጠብቀው የእሳቱ ዕንቁ ጠፋ፤ የሰረቀው ወንዙ ከሚመነጭበት ሐይቅ የወጣው ዘንዶ ዙምራክ ነበር።

«ጃንሆይ፣ ዕንቁውን ሳልይዝ ፊትዎ ብቆም ውሃው ይብላኝ!» ብሎ የማለው ራትሚር ነው፤ የንጉሡ ታላቅ ወንድም የልዑል ዶብሮን ልጅ። አባቱ በሐይቁ የሰጠመው እሱ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነበር። በቬልዶራ ዙፋን ከወንድም ወደ ወንድም ይሄዳል፤ ወንድሞች ሲያልቁ የታላቁ ልጅ ይወርሳል። አባቱ ሳይነግሥ የሞተበት ልጅ ግን «ገበታ የለሽ» ይባላል፤ አይወርስም፤ በግብር ቀን ሌላው ተቀምጦ እሱ ቆሞ ይበላል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው መቼም ልጅ አልነበረውም።

ንጉሡ ያሳደገውን ልጅ ሲመርቅ ከቀበቶው የማትለየውን አንዲት አሮጌ ቀይ ጓንት ጨበጠ። ለምን አንድ ብቻ እንደሆነች ደፍሮ የጠየቀው የለም።

ከራትሚር ጋር ሁለት ሰዎች ወጡ፤ አሮጊቷ ጀልባ ቀዛፊ ኔስታና የንጉሡ ልጅ ዳሊቦር። ራትሚር ካልወረሰ ወራሹ ዳሊቦር ነው።

«ወንድም ዓለም፣ እኔ ዙፋኑን አልፈልገውም» አለ ዳሊቦር በረዶው ላይ እሳት አንድደው ሲበሉ። «አንተ ቆመህ ስትበላ እህሉ ጉሮሮዬን ይተናነቀኛል።»

«ዝም በልና ሾርባህን ብላ» አለው ራትሚር እየሳቀ።

በሰባተኛው ቀን ሐይቁ ደረሱ። ዘንዶው በረዶውን ሰንጥቆ ወጣ። ኔስታ በመቅዘፊያዋ ዓይኑን መታችው፤ ዳሊቦር ጦሩን ጉሮሮው ውስጥ ሰካ፤ ራትሚር እጁን በጥርሶቹ መካከል አስገብቶ ዕንቁውን ከምላሱ ሥር ነጠቀ።

ዘንዶው እየሞተ ሣቀ። «ከእግርህ ሥር ተመልከት» አለ። «ዕንቁው አንድ ሙቀት ብቻ ቀርቶታል። በረዶው ላይ ብታኖረው ወንዙ ይፈታል፤ አባትህም አብሮ ይሟሟል። እሱን ካለበት ቆፍረህ አውጥተህ ደረቱ ላይ ብታኖረው ግን ስምንት ቀን ይኖራል፤ ዙፋኑ ላይ ለመቀመጥ ይበቃዋል።»

ራትሚር ቁልቁል አየ። በበረዶው ውስጥ እሱን የመሰለ ወጣት ቆሟል፤ አፍንጫው የራሱ አፍንጫ ነው። አንድ እጁ ባዶ፣ በሌላው ቀይ ጓንት። አባቱን አይቶ አያውቅም ነበርና በረዶውን በመዳፉ ጠረገ።

«አባቴ ስምንት ቀን ያነጋግረኝ ነበር፣ እማማ ኔስታ» አለ። «ድምፁን እሰማ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ጀልባዎቹ ላይ ያሉትም አባቶች ናቸው።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ራትሚር እስኪበቃው ድረስ አለቀሰ። ከዚያ በረዶውን ሳመ፤ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለና ዕንቁውን አኖረው። ወንዙ ጮኸ፤ በረዶው ተፈታ፤ ሦስቱም ወደ ዳር ሮጡ። ዞር ሲል አባቱ የለም። ቀይዋ ጓንት ብቻ ተንሳፍፋ መጣች፤ የደበዘዘው ዕንቁም አጠገቧ ዳር ላይ ወድቆ ተገኘ።

በከተማው እልልታው ደመቀ፤ በዙፋኑ አዳራሽም ሁሉ «ራትሚር ይውረስ!» አለ። የሕጉ ጠባቂ የሆነው ሽማግሌ ግን ተነሣ። «ደስታ ደስታ ነው፤ ሕግም ሕግ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። አባቱ ዙፋን ላይ አልተቀመጠም።»

ንጉሡ አልሰማውም። በራትሚር እጅ ያለችውን ጓንት አይቷል። ከዙፋኑ ወርዶ የራሱን ከቀበቶው ፈታ።

«ጀልባችን ሲገለበጥ ወደ ላይ የገፋኝ ወንድሜ ነው» አለ። «እጁን ይዤው ነበር። አልለቀቅኩትም። ጓንቷ ወለቀች፤ እሱ ሄደ።»

ሁለቱን ጓንቶች ዙፋኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠና ተንበረከከ። «ወንድሜ ዶብሮን፣ ተራው ያንተ ነበር። ተቀመጥ።»

ቀጥሎ ዳሊቦር ተንበረከከ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ።

በግብሩ ላይ ንጉሡ ቆሞ በላ፤ ራትሚር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ዙፋኑን እያየ ሾርባውን ሳይቀምስ ቆየ። ዳሊቦር ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት።

«ዝም በልና ሾርባህን ብላ» አለው።