አርባ ጊዜ የሞትኩበት ደብተር

ሰው ማመን የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ደምለውን ደግሞ ከሰው ሁሉ ለይቼ ነበር የምጠረጥረው።

እንዴት አልጠረጥረው? ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት። ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ እኔ ታይፕ እመታለሁ፣ እሱ ትራክተር ይጠግናል። ሁለት ዓመት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከርሞ በምሕረት የተመለሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወይ ሰው ሊያሻግር መጥቷል፣ ወይ ሊሰልል። ሦስተኛ ነገር አለ ብትሉኝ አልሰማችሁም ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ዋልካውን አጨቅይቶ ትራክተሮቹ ሁሉ ቆሙ። አንድ ቀን ከሰዓት ከሰሊጥ መጋዘኑ የወንዶች ሳቅ ሰማሁና ገባሁ። ደምለው፣ ትራክተር ነጂው አምባውና ባለ ሱቁ ሽኩር አንድ ጣሳ ከበው ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው የምትዶልቱት?» አልኩ።

«ጨዋታ ነው። ነይ ተቀመጪ» አለ ደምለው። አየት አደረገኝና ዓይኑን ወደ ጣሳው መለሰ። ያ አስተያየቱ አላማረኝም፤ ግን ተቀመጥኩ።

ጨዋታውን ገዳሪፍ ሳለ የስደተኞች ክሊኒክ ጄኔሬተር ሲጠግን አንድ ፈረንጅ ነው ያስተማረው። ሰሌዳ የለው፣ ጠጠር የለው፤ ነገሩ ሁሉ በአፍ ነው። ደምለው ታሪኩን ይተርካል፤ ተጫዋቹ አንድ ሙያ ይዞ በታሪኩ ውስጥ ይኖራል። አምባው ተዋጊ ነው፣ ሽኩር ሌባ። አንድ ነገር ሲሞክሩ ከጣሳው ቆርኪ ያወጣሉ። ቆርኪዎቹ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ተጽፎባቸዋል፤ ትልቅ ከወጣ ተሳካ፣ ትንሽ ከወጣ ጉድ ፈላ።

«ለእኔ ምን ቀረ?»

«አስማተኛ።»

«ጠንቋይ ልታደርገኝ?»

«የተማረች ናት። መጽሐፍ ታነባለች፣ ከእጇ እሳት ታወጣለች» አለና ፈገግ አለ።

በመጀመሪያው ቀን ድልድይ ላይ ሽፍቶች ገጠሙን። እሳቴን ለቀቅኩ። ለካ በቀን አንዴ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ! ባዶ እጄን ቆሜ በቀስት ተወጋሁና ሞትኩ።

«ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አልኩት። «አምባው አሥር ቀስት ይችላል፣ እኔን አንድ ይገድለኛል!»

«አስማተኛ ሲጀምር ደካማ ነው። ሲያድግ ግን ሁሉንም ይበልጣል።»

«እስካድግ ማን ያቆየኛል?»

በማግሥቱ ሦስት እሳት ፈቀደልኝ። እሰይ! ሽፍቶቹን ብቻዬን ፈጀኋቸው። አምባው ግን ተነሥቶ ቆመ።

«እኔ ታዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ፣ ልተኛ? ለሷ እኮ ነው የምታዳላው። ዓይንህን እያየነው!»

«ወላሂ ያ ዞል፣ ልክ ነው» አለ ሽኩር፤ በሱዳንኛው «አንተ ሰው» ማለቱ ነው።

የደምለው ፊት በርበሬ መሰለ። በሦስተኛው ቀን እሳቶቼን መልሶ ወሰደብኝ።

«ሰጥቶ መንሳት ምን ይሉታል?» አልኩት በንዴት።

«ሚዛኑ ተዛባ፣ ውባንች። አንቺም እንዳትሞቺ፣ እነሱም ሥራ እንዳይፈቱ ነው የምፈልገው። ትንሽ ቀን ስጪኝ።»

ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ደብተር ያዘ። ብቻውን ሲጽፍ እደርስበታለሁ፤ ሲያየኝ ሸሚዙ ውስጥ ይወትፈዋል። አንድ ቀን በትከሻው በኩል አሻግሬ ሳይ ስሜ ተጽፏል። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ፤ ስለ እኛ ለካድሬው ሪፖርት እያደረገ ነው።

እውነቱን ልናገር። ያንገበገበኝ መሰለሉ አይደለም። ወድጄው ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ድምፁን ስሰማ እግሬ ይፈጥን ነበር፤ እሱ ግን ስሜን የሚሸጥ መሰለኝ።

ብልጥ ነኝ ብዬ የካድሬያችንን የጓድ ዋሴን ደብዳቤ እየመታሁ ነገር አነሣሁ። «ደምለው ሪፖርቱን በእጁ ከሚሞነጫጭር፣ እኔ ብመታለት አይሻልም?»

ጓድ ዋሴ ብዕሩን አስቀመጠ። «የምን ሪፖርት?»

ደብተር መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር! ልመልሰው ብዬ ተንተባተብኩ፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

በማግሥቱ ጠዋት ደምለውን የማዳበሪያ ክፍል ቆለፉበት። ጓድ ዋሴ አረንጓዴውን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

«ጓድ ውባንች፣ እግዜር አወጣሽ። ይኸ ሰው ሊገድልሽ ነበር።» ገለጠና አነበበ። «‹ውባንች ሞተች፣ በቀስት። ውባንች ሞተች፣ ድልድዩ ላይ። ውባንች ሞተች።› ምን ቀረው? ክሱን ምቺና ፈርሚበት። ማታ ወደ ጎንደር ይጫናል።»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ጓድ ዋሴ!»

«ሰው ገድሎ የሚጫወት ማን ነው?»

ወረቀቱን ታይፑ ላይ አስገባሁ። እያፈርኩ ልንገራችሁ፣ ለአፍታ እኔም ጠረጠርኩት። ሰው ይህን ያህል ጊዜ ይገደላል? ደብተሩን ወደ እኔ ስቤ «መጀመሪያ ላንብበው» አልኩ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሞቴ ብቻ ነው። ቀጥሎ እንዲህ ይላል። «ሦስት እሳት ቢሰጣት ተረፈች፤ አምባው ግን ሥራ ፈታ። አይሆንም።» ገለጥኩ። «አንድ እሳት ብቻ፣ ግን መርዝና መድኃኒት የመለየት ችሎታ ቢጨመርላት? አሁንም ሞተች።» ገለጥኩ። «ጥንታዊ ጽሑፍ ማንበብ፣ አድብቶ መስማት ቢጨመር? ተረፈች! አምባውም ይዋጋል፣ ሽኩርም ይሰርቃል። ከአሥራ ሁለት በላይ ካወጣች ትተርፋለች።» በገጹ ጠርዝ በትንንሽ ፊደል ደግሞ «ዛሬ አርባ ጊዜ ሞተችብኝ። ሌላ መላ እስካገኝ እንቅልፍ የለኝም» ይላል።

ብቻውን ቆርኪ እያወጣ፣ እኔን በሕይወት የሚያቆይ መላ ነው ሲፈልግ የከረመው። እንባዬ መጣ።

«አልፈርምም» አልኩ። «ያስመጡትና ጨዋታውን በዓይንዎ አይተው ይፍረዱ።»

ዘበኛው ደምለውን ከነጣሳው አመጣው። ጸጉሩ ላይ የማዳበሪያ ብናኝ አለ። ድልድዩን፣ ሽፍቶቹን፣ አስማተኛዋን በአጭሩ ለጓድ ዋሴ ተረከለት። ጓድ ዋሴ «ቆርኪውን እኔ ራሴ ነኝ የማወጣው» ብሎ ጣሳውን ነጠቀ፤ የሚሆነውንም ሊመዘግብ ወረቀት አዘጋጀ።

አወጣ። «አሥራ አንድ።»

የሚያስፈልገው ቁጥር የተጻፈው ደብተሩ ላይ ነው፤ ደብተሩም እኔ እጅ ነው። ደምለው አሥር ይበቃል ቢል ካድሬው በምን ያውቃል? ሞተች ካለ ግን ክሱ እውነት ይመስላል። ዓይን ለዓይን ተያየን። በል በለው፣ ዋሽ፣ አልኩት በልቤ።

«ሞተች» አለ።

«በአሥራ አንድ?» ጮኸ ጓድ ዋሴ።

«ከአሥራ ሁለት በላይ ነበር የሚያስፈልጋት።»

«ግፍ ነው! ድገመው!» ጻፈና እንደገና አወጣ፤ ሰባት። ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ጻፈ። በሦስተኛው አሥራ ስምንት ሲወጣ ከወንበሩ ተነሥቶ «ተረፈች! አላልኳችሁም?» አለ።

«ጓድ ዋሴ፣» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ያንን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያገኘው ምን ይላል?»

ወረቀቱን አየ። በገዛ እጅ ጽሑፉ «ውባንች ሞተች። ውባንች ሞተች። ውባንች ተረፈች» ይላል። ከዚያ የራሱን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ለክሱ ያስገባሁትን ወረቀት ከታይፔ ላይ መዝዞ ቀደደው። «ሂዱ ከፊቴ» አለ። ጣሳውን ግን አልመለሰልንም።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ከደምለው ጋር ትንሽ ሄድን።

«ደብተሩን ለሱ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ካንቺ ሌላ ያየው የለም።»

«አልተቀየምክም?»

«ተቀይሜያለሁ እንጂ! ግን ጠርጣራ መሆንሽን ሳላውቅ አይደለም የወደድኩሽ።»

ልቤ ዘለለ፤ አፌ ግን አላረፈም። «አሥራ አንድ ሲወጣ ምናለ ብትዋሽ? ጎንደር ሊጭኑህ እኮ ነበር! ማን ያውቅብህ ነበር?»

«አንቺ። ደብተሩ እጅሽ ላይ ነበር።» ጭቃ ከጫማው እያራገፈ ቆመ። «አንዴ ስዋሽ ካየሽኝ ዕድሜ ልክሽን አታምኚኝም። ከእስር ቤትስ ይወጣል።»

እዚያው ጭቃው መሐል፣ ዘበኛው እያየን፣ እጁን ያዝኩት። ኅዳር ላይ ሰሊጡ ሲገባ ሽማግሌ ልኮ ተጋባን። ዛሬም ገበያ ሄዶ ሲቆይ የት ነበርክ ብዬ አፋጥጠዋለሁ። የነገረኝን አምነዋለሁ።