ሳንባ የተዘለለበት ትምህርት

ረዳት መምህሩ ከዕቃ ቤቱ ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። በዚያው ሰዓት አስተማሪው ከላይ ባለው አዳራሽ ስለ ደም ዝውውር ያስተምሩ ነበር፤ ድምፃቸው ጣሪያ ያነሣል፣ ሟቹ ቢጮህም ሰሚ አያገኝም።

ከሟቹ ጋር የተጣሉት ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስማር ነበር አሉ፤ እርስ በርስ ግን አልተያየንም አሉ።

አንዷ ጫጫሪዋ የሚሏት ናት። በዚያ ኮሌጅ ደብተር ለንጽሕናው ማርክ ይሰጠዋል፤ ማርክ ሰጪው ደግሞ ሟቹ ነበር። የእሷ ደብተር ዶሮ ጭቃ ረግጣ የተመላለሰችበት ይመስላል፤ ዜሮዋን በተቀበለች ቁጥር ከሟቹ ጋር ትነታረካለች። ሌላው ሁሉን እንደ ቴፕ ስለሚቀዳ ቴፑ የሚሉት ነው። አስተማሪው ቢያስሉ ሳሉን ይጽፋል፣ ቢያስነጥሱ በቀይ ያሰምርበታል ይባልለታል። ከሟቹ ጋር በምን እንደተጣላ ግን አልናገርም አለ።

ጉዳዩን የያዙት መርማሪዋ የሁለቱንም ደብተር ተቀበሉ። አስተማሪው የቴፑን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ የእሷን ሲያዩ ግን ይህ የተማሪ ሳይሆን የነፍሰ ገዳይ እጅ ነው፣ ትታሰርልኝ አሉ። የፖሊስ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ጫጫሪዋ አየችው፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ልጄ፣ ምናለ አስተካክለሽ ብትጽፊ?» አሏት መርማሪዋ።

«የሚሉትን ሁሉ ከጻፍኩ መቼ ልስማ? የገባኝን በራሴ ቃል አሰፍራለሁ፣ ያልገባኝን ዳር ላይ እጠይቃለሁ። ቤት ስገባ ደብተሬን ዘግቼ ለግድግዳው አስተምራለሁ። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ይሁን።»

በማግስቱ መርማሪዋ ክፍሉን በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡና ሁለቱ ተጠርጣሪዎች ደብተር ሳይገልጡ የዚያን ሰዓት ትምህርት እንዲናገሩ ጠየቁ። ቴፑ ከርዕሱ አላለፈም። ጫጫሪዋ ግን ጡጫዋን ልብ አድርጋ እየጨበጠች እየለቀቀች ደሙን አስኬደችው። መሐል ላይ ቆመች።

«ከዚህ ኩላሊት ገባን። እንዴት እንደዘለልን እኔም አላውቅም።»

መርማሪዋ ደብተሯን ገለጡ። ዳር ላይ «ሳንባስ? አስተማሪው ይጠየቁ» ይላል። አስተማሪው እኔ ዘልዬ አላውቅም ብለው ተቆጡ። የሌሎቹ ደብተር ሲታይ ግን ሁሉም በሚያምር ጽሕፈት ከልብ ወደ ኩላሊት ዘሏል። አስተማሪው ያነበቡበት ወረቀት ሲመጣ ሁለት ገጽ ተጣብቆ ተገኘ።

የቴፑ ደብተር ብቻ ሳንባውን ሙሉ አድርጎ፣ አስምሮ ይዟል።

«አንተ ልጅ፣ ማንም ያልተናገረውን በየትኛው ጆሮህ ሰማኸው?» አሉት መርማሪዋ።

መርማሪዋ ቀስ ብለው ዘረዘሩት፦ የትምህርቱ ብቸኛ ሌላ ቅጂ ያለው ዕቃ ቤቱ ባለው የሟቹ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፈተና ወረቀቶቹ ጋር ተቆልፎ ነው። ቴፑ ሌላው ሰው ሲማር ፈተና ሊሰርቅ ገባ፣ ሟቹ ደረሰበት፣ ደረጃው ላይ ተናነቁ። ከዚያ በኋላ ባዶ ገጽ እንዳያጋልጠው ቅጂውን ወስዶ እንዳለ ገለበጠ።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም» አለ ቴፑ፣ ፖሊሱ እጁን ሲይዘው።

አስተማሪው ወረቀታቸውን ሰብስበው ወደ በሩ አመሩ። ጫጫሪዋ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«የት ይሄዳሉ? ሳንባውን ያስተምሩን እንጂ።»

«ሰው እየታሰረ?»

«እሱማ ገልብጦታል። የቀረብን እኛ ነን።»

አስተማሪው መርማሪዋን ለእርዳታ ቢያዩ፣ መርማሪዋ እስክሪብቶ አውጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አስተማሪው ተመለሱና ጠመኔ አነሱ።