ወጥቶ ያልተመለሰ

ልብስ ሰፊው ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የልኬት ሜትሩ ገና ከአንገቱ አልወረደም። ሐኪሙ ወገቡን እንኳ ሳያጎነብስ «ልብ ነው» ብሎ ሄደ። የተማረ ይግደለኝ ማለት ይኼ ነው። መርማሪው የሟቹን ቀኝ መዳፍ ገልብጦ አየ፤ ምስር የምታህል፣ ዳር ዳሯ የጠቆረ ቃጠሎ አገኘ።

ይህ መርማሪ ሹመት ሲታደል ሁልጊዜ የሚረሳ ሰው ነበር። እሱ ያሠለጠናቸው ወንበር ይዘው ሲሽከረከሩ፣ እሱ ዛሬም ሬሳ ፍለጋ በእግሩ ይኳትናል። ቂሙን እንደ ጥርስ ሕመም ይዞት ይዞራል። ለዚህ ይሆናል የተከፋ ሰው ፊት የማይስተው።

ከቤቱ ሦስት ሰዎች ቀርተዋል፦ የሟቹ እናት፣ ጓሮ ካለው ክፍል ብረት የሚበይደው ታናሽ ወንድሙ፣ በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል የተከራየው ፀጉር አስተካካይ።

«ወንድማማቾቹ ይስማሙ ነበር?» ሲል ተከራዩን ጠየቀው።

«እንደ እሳትና ጭድ! የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ይሰበሰባል። ጋሼ ‹ብየዳህ ቤቱን በላው› ይላል፤ ያኛው ‹በመርፌህ አትውጋኝ› ይላል። እኔ የደንበኛዬን ግማሽ ራስ ላጭቼ ለመገላገል እሮጣለሁ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ምላጭ በእጄ፣ የሰው አንገት ከፊቴ። ከዚህ የበለጠ ምስክር የት ይመጣል ጌታው?»

እናትየው የሟቹን ሸሚዞች እያጠፈች ነበር። የታጠፈውን ትፈታና መልሳ ታጥፋለች።

«እማማ፣ ልጅዎ ጠላት ነበረው?»

«ወንድም እንጂ ጠላት የለውም፣ ልጄ።»

በያጁ ቀና ብሎ አላየም።

«ማሽኑን ከፈትኩት፤ አልነሳ አለኝ» አለ። «ኋላ ስስ እምምታ አሰማ፣ እንደ ንብ። ከዚያ መልሶ ዝም። ‹ጋሼ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?› ልለው ብወጣ...»

መርማሪው ቧንቧው ሥር ተንበረከከ። ከበስተጀርባው፣ ዓይን በማይደርስበት፣ በጨርቅ ቁራጭ የታሰረ ሽቦ አለ። ሽቦውን ተከትሎ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ ከብየዳው ማሽን መሰኪያ ደረሰ። በያጁ ከኋላው መጥቶ ቆሟል፤ የሚያየው ግን ሽቦውን ሳይሆን የጨርቁን ቋጠሮ ነበር።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ውሰዱኝ።»

መርማሪው በር ላይ ያለውን ቆጣሪ አየ። በቅርቡ የተተከለ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ነው፤ አንዲት ቀይ መብራት በርታበታለች። ሁሉንም ወደ ስፌቱ ክፍል ጠራቸው። ደጃፉ ላይ ሁለት ፖሊሶች ታናሹን ሊወስዱ ቆመዋል።

«አዲሱ ቆጣሪ ሁለቱንም ሽቦ ይጠብቃል» ብሎ ጀመረ። «ኮረንቲው በሚሄድበት ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት አለች፤ ሲያልፍባት የምትፈጥረውን ኢምንት ቮልቴጅ ያነባል። በሚመለስበት ላይ ደግሞ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ቀለበት አለ፤ ተመላሹ በመሃሉ ሲያልፍ ሳይነካው ልኩን ያውቃል። ሁለቱም የሰሙትን ጥፍር ለምታህል ቺፕ ያቀብላሉ። እሷ ወደ ቁጥር ለውጣ ከቤቱ ቮልቴጅ ጋር ታባዛለች፤ የምትከፍሉት ከዚያ ይወጣል። ግን አንድ ነገር ደግሞ ታደርጋለች፤ የሄደውን ከተመለሰው ጋር ታስተያያለች። ካልተካከለ ቀዩን ታበራለች፤ አንዴ ከበራች አትጠፋም።»

«ታዲያ የጎደለው የት ሄደ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«በሰው በኩል።»

መርማሪው በእጁ ወደ ጓሮው አመለከተ።

«የማሽኑ ተመላሽ ሽቦ ከቦታው ተነቅሎ ቧንቧው ላይ ታስሯል። ለመግደል አይደለም። የድሮው ቆጣሪ የሚያየው አንዱን ሽቦ ብቻ ነበር። የዚህ ቤት አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተመላሹን ብቻ እንዲያይ ገልብጦት፣ ኮረንቲውን በቧንቧው ወደ መሬት ይሰደው ነበር። ቆጣሪው ምንም አያይም። ቧንቧው ላይ የዚያን ጊዜ ሽቦ የቦረቦረው ጠባሳ አለ፤ አዲሱም የታሰረው እዚያው ላይ ነው። ያኔ ቧንቧው እስከ መንገድ ድረስ ብረት ስለነበር ማንንም አልነካም። ዛሬ ከመሬት በታች ያለው ፕላስቲክ ነው። ማሽኑ ሲከፈት ኮረንቲው መሄጃ አጥቶ ቧንቧው ላይ ቆመ።»

ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። «አንተ ኋላ የመጣህ ተከራይ ነህ፤ ጠባሳውን አታውቅም።» ወደ በያጁ ዞረ። «አንተ ደግሞ ሽቦ በጨርቅ አታስርም።»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!» ጮኸ በያጁ። «በቃ! ምን ቀረህ?»

«አንተ ብትሆን፣ ወንድሜ፣ ማሽኑ ለምን አልነሳ እንዳለ ግራ አይገባህም ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ እናቱ ለልብስ ሰፊው በጨርቅ የቋጠረችለት ምሳ ሳይበላ ተቀምጧል። ጫፉ ወደ ውስጥ የተደበቀ ድርብ ቋጠሮ ነው፤ ቧንቧው ላይ ያለውም እንደዚያው። መርማሪው አየውና ዓይኑን መለሰ።

«ልጄ ቧንቧውን ሲነካ ነው?» አለች እናትየው ቀስ ብላ። «ያ እምምታ... ያኔ ነው?»

መልስ ሳትጠብቅ የያዘችውን ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባታቸው ሲያደርገው ፒንሳ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሁለቱም በሌሉበት አሰርኩት። ሂሳቡ ቢቀንስ አይጣሉም ብዬ።»

በያጁ እግሯ ሥር ተደፋ። «እማ፣ እሱን አትበይ! ማሽኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ...»

እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች፤ ልክ ሁለቱ ልጆች ሆነው ሲደባደቡ ታሳርፍ እንደነበረው። ሌላኛው እጇ በልማድ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሁለተኛውን ራስ ፈለገ፤ አጣው።

«አሁንማ አይጣሉም» አለች።